«ዝቅተኛ ተጋላጭነት» የሚለው ቁጥር በማን ላይ ተለክቶ ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ላይ፣ በምራቅ በሚደረግ የዘረመል ምርመራ የስኳር በሽታን፣ የልብ ሕመምንና የጡት ካንሰርን ከመምጣታቸው ከዓመታት በፊት መተንበይ እንደሚቻል የሚገልጽ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጽሑፉ በቅንነት የተዘጋጀና በአመዛኙ ትክክለኛ ነው፤ እኔም ሳይንሱን ለማጣጣል ብዕር አላነሣሁም። ያስጻፈኝ ጽሑፉ ያላነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ለተመርማሪው «ተጋላጭነትህ ዝቅተኛ ነው» ወይም «ከፍተኛ ነው» ብሎ የሚነግረው ቁጥር የተቀመረው ከየትኞቹ ሰዎች መረጃ ነው? ለእንግሊዛዊ አንባቢ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

በአዲስ አበባ በውስጥ ደዌ ሕክምና ስሠራ 19 ዓመት ሆኖኛል። ከታካሚዎቼ አንዷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እናታቸውም ታላቅ ወንድማቸውም በስኳር በሽታ ይታከሙ የነበሩ ሲሆን፣ የእርሳቸውም የደም ስኳር ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብሎ በመገኘቱ በየስድስት ወሩ እየመጡ እንዲለኩ ተስማምተን ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቀጠሯቸውን ሳያጓድሉ ከመጡ በኋላ ድንገት ጠፉ። ከ14 ወር በኋላ ሲመለሱ ክብደታቸው ቀንሶ፣ ሌሊት ሌሊት የውኃ ጥም እየቀሰቀሳቸው፣ የእግራቸውም ጣቶች እየደነዘዙ ነበር፤ በጾም የተለካው ስኳራቸው 231 ሆኖ ተገኘ። የት ጠፍተው እንደከረሙ ብጠይቃቸው ከቦርሳቸው ስልካቸውን አውጥተው አንድ ገጽ አሳዩኝ። «ልጄ ከአሜሪካ የመጣች ጊዜ ምራቄን ወስዳ አስመርምራልኝ ነበር፤ ለስኳር ያለኝ ተጋላጭነት ዝቅተኛ ነው ብለው ላኩልኝ። አሜሪካ ነፃ ነሽ ካለኝ በኋላ ምን ብዬ እየመጣሁ አስቸግርዎታለሁ ብዬ ነው፣ ዶክተር» አሉኝ።

ገጹን ወደ ታች ስስበው፣ በግራጫ ቀለም፣ መነጽሬን ሳላደርግ ላነበው በማልችለው ደቃቅ ፊደል፣ ውጤቱ የአውሮፓ የዘር ግንድ በሌላቸው ሰዎች ላይ ትክክለኛነቱ ሊያንስ እንደሚችል የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ልጃቸው አላየችውም፤ ብታየውም ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳት አልነበረም። እናቷን ስለምትወድ ያደረገችው ስለሆነ አልወቅሳትም። የምወቅሰው ያንን ዓረፍተ ነገር በገጹ ራስ ላይ፣ ከ«ዝቅተኛ» ከሚለው አረንጓዴ ቃል እኩል አጉልቶ ያላስቀመጠውን ነው።

በባለሙያዎቹ ዘንድ «ፖሊጂኒክ ሪስክ ስኮር» የሚባለው፣ እኔ በዚህ ደብዳቤ «የተጋላጭነት ነጥብ» የምለው ነገር፣ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። የሰው ልጅ የዘረመል ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት፤ ከሰው ሰው የሚለያዩት ከሺው አንዱ ያህል ናቸው። እንደ ሲክል ሴል ያሉ በሽታዎች በአንድ ጂን ላይ በተፈጠረ ለውጥ ይመጣሉ፤ በእነዚህ ጊዜ ምርመራው «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መናገር ይችላል። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ደም ሥር መጥበብ ግን እንዲህ አይደሉም። በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶች እያንዳንዳቸው አደጋውን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። አንዲት የጤፍ ፍሬ ሚዛን ላይ ብትቀመጥ ሚዛኑ አይነቃነቅም፤ ፍሬዎቹ ተጠራቅመው ኩንታል ሲሞሉ ግን ይከብዳሉ። ነጥቡም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልዩነት በጥናት የተገኘለትን ትንሽ ክብደት ሰጥቶ ይደምራል፤ ከዚያም ድምሩን ከሌሎች ሰዎች ድምር ጋር አስተያይቶ ተመርማሪው ከመቶው ስንተኛ ላይ እንደሚቆም ይናገራል። ስለዚህ ነጥቡ ደረጃ ነው እንጂ የበሽታ ምርመራ ውጤት አይደለም።

ክብደቶቹ የሚገኙት የታመሙና ያልታመሙ ብዙ ሰዎችን ዘረመል ጎን ለጎን አድርጎ በማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ የታተመው ፈር ቀዳጅ ጥናት በሰባት በሽታዎች የተያዙ 14,000 ያህል ሕሙማንን ከ3,000 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ዛሬ የጥናቶቹ መጠን ሚሊዮኖችን አልፏል። ስለ ሰው ቁመት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ብቻውን 5.4 ሚሊዮን ሰዎችን አካትቶ 12,111 ልዩነቶችን ለይቷል።

የዘዴውን በጎ ጎን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታተመ ሥራ ከ6 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ልዩነቶች ላይ የተመሠረተ ነጥብ ሠርቶ፣ በጥናቱ ከታዩት ሰዎች 8 በመቶው በልብ ደም ሥር መጥበብ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ትንሽ ግኝት አይደለም። በአንድ ጂን ምክንያት ኮሌስትሮላቸው ከልጅነት ጀምሮ የሚጨምር ሰዎች ከ250 አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በነጥቡ የተለዩት ግን እኩል አደጋ ተሸክመው ቁጥራቸው 20 እጥፍ ነው፤ ያለ ነጥቡም ማንም አይለያቸውም ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2016 ከ55,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ደግሞ በዘር ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ ከሆኑት መካከል ከአራት ነገሮች (አለማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት አለመኖር፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስና በአግባቡ መመገብ) ቢያንስ ሦስቱን የሚያሟሉት፣ ቢበዛ አንዱን ብቻ ከሚያሟሉት ይልቅ የልብ አደጋቸው በ46 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። «ዘሬ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ለሚል ታካሚ ይህን ጥናት ደጋግሜ እጠቅሳለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የ2018ቱ ነጥብ የተፈተሸው በዩኬ ባዮባንክ ነው። ይህ የመረጃ ማኅደር እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ 500,000 የብሪታንያ ነዋሪዎችን የመዘገበ ሲሆን፣ እጅግ የሚበዙት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ይህም የአንድ ማኅደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሊሺያ ማርቲንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት በዚህ ዓይነት ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 79 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ከዓለም ሕዝብ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ግን 16 በመቶ ብቻ ነው። በዚያው ጽሑፍ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የነጥቦቹ የመተንበይ ብቃት በአማካይ በ4.5 እጥፍ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። የቁመቱ ጥናትም ያው ነው። በአውሮፓውያን መካከል ያለውን የቁመት ልዩነት 40 በመቶ ያህል ማስረዳት የቻለው ነጥብ፣ በሌሎች ሕዝቦች ላይ ሲሞከር ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ አስረድቷል። ቁመት በሜትር የሚለካ፣ ማንም የማይከራከርበት ነገር ሆኖ ሳለ እንዲህ ከሆነ፣ ስለ ስኳር በሽታ ምን እንደምንጠብቅ አንባቢው ይገምት።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰዎች ነገሩን ወደ ዘረኝነት ክስ ብቻ ይወስዱታል። በነጥቡ ውስጥ የሚቆጠሩት ልዩነቶች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው በሽታውን የሚያመጡ አይደሉም፤ በሽታውን ከሚያመጣው ልዩነት አጠገብ ስለሚገኙ አብረውት የሚወረሱ ምልክቶች ናቸው። ጥፋተኛው ሳይታይ ጎረቤቱን አይቶ «እዚህ ሰፈር ነው» እንደማለት ነው። ከአፍሪካ የወጡት ጥቂት ሰዎች ዘሮች በሆኑት ሕዝቦች ዘንድ እነዚህ ጎረቤታሞች በረዥም ሰንሰለት ተያይዘው ይወረሳሉ፤ እጅግ ጥንታዊ ታሪክ ባላቸው የአፍሪካ ሕዝቦች ግን ሰንሰለቱ በትውልዶች ብዛት ተበጣጥሷል። ለንደን ላይ ጥፋተኛውን በትክክል የሚጠቁም ምልክት ደሴ ላይ ባዶ ቤት ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ላይ የየልዩነቶቹ ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ የአንድ ሕዝብ አማካይ ድምር በጠቅላላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ከበሽታው ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። በአውሮፓውያን ደረጃ ላይ ካስቀመጡን ሰፈርተኛው ሁሉ «ዝቅተኛ» ወይም ሰፈርተኛው ሁሉ «ከፍተኛ» ተብሎ ቢመለስ አይግረመን። የታካሚዬ አረንጓዴ ቃል ከየትኛው ምክንያት እንደመጣ ማረጋገጥ አልችልም፤ ይህን ማረጋገጥ አለመቻሌ ራሱ ግን ያሳስበኛል።

«እንግዲያውስ በጥቁር አሜሪካውያን መረጃ ይስተካከላል» የሚል መልስ ከሥራ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ይህም ለኢትዮጵያዊ በቂ አይደለም። «አፍሪካዊ» የሚለው ስም በዘረመል ቋንቋ አንድ ነገር አይደለም። አፖኤል1 በሚባለው ጂን ላይ ያሉ ሁለት ልዩነቶች በምዕራብ አፍሪካውያንና በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ በብዛት ስለሚገኙ ለኩላሊት በሽታ ያጋልጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ልዩነቶቹን አላገኘም፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያን ከቫይረሱ ጋር በተያያዘው የኩላሊት በሽታ ለምን እንደማይያዙም በዚሁ አስረድቷል። ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ኮዴይንን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ጂን በትርፍ ቅጂ የሚገኝባቸው ሰዎች በሰሜን አውሮፓ ጥቂት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከታዩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ኮዴይን ሲወስዱ ሰውነታቸው በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእነርሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናትም በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘረመል ውስጥ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሰዎች ጋር የተደረገ መቀላቀል አሻራውን እንደተወ አሳይቷል። በአውሮፓውያን ልክ የተሰፋ ልብስ እንደማይሆነን ሁሉ በናይጄሪያውያን ልክ የተሰፋውም አይሆነንም፤ የኦሮሞውን፣ የወላይታውን፣ የአማራውንና የሶማሌውን ልክ በአንድነት መውሰድ ራሱ ይቻል እንደሆነ ገና የሚጠና ነው።

የዘር ግንዱ ቢስተካከል እንኳ ሁለተኛ ችግር አለ፤ ይኸውም በሽታው ራሱ አንድ አለመሆኑ ነው። በጎንደር አካባቢ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ከገጠር የሚመጡ፣ ድሆች፣ ቀጫጭንና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕሙማን ብዙ መሆናቸውን ገልጸው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ይታይ ሲሉ ጠይቀው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን መሰሉን በሽታ «ዓይነት አምስት» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በውፍረት ምክንያት የታመሙ አውሮፓውያንን በማጥናት የተሠራ ነጥብ ይህን የጎንደር ገበሬ ከየት ያውቀዋል? የልብ ሕመምም እንዲሁ ነው። ወጣት ታካሚዎቻችን በትንፋሽ እጥረት ተይዘው ሲመጡ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የደም ሥር መጥበብ ሳይሆን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የመጣ የልብ በር ጉዳት ነው። ለዚህኛው የሚያስፈልገው በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ነበር።

በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ታሪክም ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሄዱት ሰዎች በአገራቸው ሳሉ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበረባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ግን ከደረሱ ጥቂት ዓመታት ብቻ በኋላ በወጣቶቹ ዘንድ በሽታው በከፍተኛ ሁኔታ እንደተገኘ ዘገበ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘረመላቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የሚበሉት፣ የሚሠሩትና የሚራመዱት ነው። የተጋላጭነት ነጥብ ጎንደር ላይም ሆነ ሃይፋ ላይ ቢሰላ ያው አንድ ቁጥር ነው፤ ሰውዬው የሚታመምበት ዕድል ግን አንድ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ ሆነው ይህን የሚያነቡ ወገኖቼ ይህን በተለይ እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ።

በአገራችን ምድር የተደረገና የዓለምን ትኩረት ያገኘ አንድ የዘረመል ጥናት አለ፤ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ሆኖ ስለማየው ትንሽ ልቆይበት። በደጋማው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሠሩ ሰዎችን እግር የሚያሳብጠው፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ለረዥም ዘመን በቤተሰብ የሚወረስ እርግማን ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በዚህም ምክንያት የታማሚ ቤተሰብ ልጅ ጋብቻ ይከለከላል፤ በልቅሶና በሰርግ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። በወላይታ በተደረገ ጥናት የታማሚ እኅትና ወንድም የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው በ5 እጥፍ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ሕዝቡ «በቤተሰብ ይሄዳል» ማለቱ ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተውጣጡ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው በሽታው ከሰውነት መከላከያ ጋር ከተያያዙ ጂኖች ጋር ግልጽ ግንኙነት እንዳለው በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የናሙናውን ማነስ አስተውሉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አላስፈለገም። ጥያቄው ከአገሩ ሰው ችግር ተነሥቶ፣ መረጃው ከአገሩ ሰው ተወስዶ ስለተሠራ ፍሬ አፈራ።

ዘር ይህን ያህል ድርሻ ያለውን ይህን በሽታ ታዲያ ምን ይከለክለዋል? ጫማ። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ። የዘረመሉ ግኝት ለታማሚው ቤተሰብ «እርግማን አይደለም፣ ከአፈር ጋር የማይስማማ ሰውነት ነው» ለማለት አገልግሏል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ማንም አስተዋይ ሰው የወላይታን ሕፃናት ሁሉ ምራቅ አስመርምሮ ተጋላጭ ለሆኑት ብቻ ጫማ እናድል አላለም፤ ለሁሉም ጫማ መግዛት ይረክሳል፤ ጉዳትም የለውም።

ከዚህ ተነሥቼ ነው የደም ግፊትን የማነሣው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገው ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆነ ኢትዮጵያውያን ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊት ያለባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ እጅግ የሚበዙት ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ግፊትን መለካት ክንድ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ነው። የሚለካው ደግሞ ሊሆን የሚችለውን ሳይሆን የሆነውን ነው። አንድ የምራቅ ምርመራ በሚጠይቀው ገንዘብ ስንት ሰው ግፊቱንና ስኳሩን ተለክቶ እንደሚመለስ በየጤና ጣቢያው ያለች ነርስ ታሰላዋለች።

«ከምንም ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። ቁጥሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳስት ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ሐሰተኛ «ከፍተኛ» ሰውን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ቢያንስ ወደ ሐኪም ያመጣዋል። ሐሰተኛ «ዝቅተኛ» ግን ከሐኪም ያርቃል፤ ታካሚዬን 14 ወር እንዳራቃቸው። እውነተኛ «ከፍተኛ» እንኳ በጥንቃቄ መነገር አለበት፤ በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰው ሦስቱ በሚታመሙበት በሽታ «አደጋህ እጥፍ ነው» ማለት ስድስት ከመቶ ማለት ነው፤ የቀሩት 94ቱ ይህን ሳያውቁ በከንቱ ሲሰጉ መክረም የለባቸውም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ከጥናቱ እንራቅ ማለቴ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላክል። በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ጥቁር አሜሪካውያንን በብዛት ያካተተ የልብ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎቹ ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን በዚያ ከተሳተፉት ጥቁሮች ከመቶው ሁለት ያህሉ ፒሲኤስኬ9 የተባለ ጂናቸው አንዱ ቅጂ ሥራ ያቆመ፣ መጥፎ ኮሌስትሮላቸውም በተፈጥሮ እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ እነዚህን መሰል ሰዎች በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋቸው በ88 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳተሙ። ያንን ጂን የሚያግዱ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ቀረቡ፤ ዛሬ በየአህጉሩ ያለ ሕመምተኛ ይወጋቸዋል። አፍሪካዊ ደም ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ባይካተቱ ኖሮ ይህ በር የሚከፈትበት ጊዜ በራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2022 ኤችስሪአፍሪካ በሚል ስም የአፍሪካን ተመራማሪዎች ያሰባሰበው ሥራ መነሻውም ይኸው እምነት ነበር፤ በአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ ወጣት ባለሙያዎችም ከዚህ የበለጠ ለመሥራት ችሎታው አላቸው። የሚጎድላቸው አንድን ሕዝብ ለ20 ዓመት ተከታትሎ ማን እንደታመመና ማን እንዳልታመመ የሚመዘግብ ቋሚ በጀት ነው። ያለ እንዲህ ያለ መዝገብ የኢትዮጵያውያን የተጋላጭነት ነጥብ ሊኖር አይችልም።

ስለ ምራቁ ጉዞም ሁለት ቃል። ዘረመል የግል ብቻ አይደለም፤ የእናት ምራቅ የልጆቿንም የእኅቶቿንም መረጃ ይዞ ይሄዳል። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ኩባንያ (የታካሚዬ ምርመራ የተሠራው በሌላ ድርጅት ነው) እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ ለሰርጎ ገቦች የተጋለጠበት ሲሆን በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። በአሜሪካ የምትኖሩም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዘረመል አድልዎ መከላከያ ሕግ የጤና መድንንና ሥራን እንጂ የሕይወት መድንን እንደማይሸፍን ዕወቁ። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢወጣም፣ በልጅ ሻንጣ ከቦሌ የወጣን ምራቅ ተከትሎ የሚሄድ አይመስለኝም።

ለጤና ሚኒስቴርና ለሚመለከታቸው ተቆጣጣሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ማንኛውም ድርጅት፣ ቤተ ሙከራ ወይም ወኪል የተጋላጭነት ነጥብ ለኢትዮጵያዊ ሲሸጥ፣ ነጥቡ የተቀመረው በየትኛው ሕዝብና በስንት ሰው ላይ እንደሆነ፣ በኢትዮጵያውያን ላይ ተፈትሾ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ በገጹ ራስ ላይ በአማርኛና ተመርማሪው በሚረዳው ሌላ ቋንቋ፣ ውጤቱ በተጻፈበት ፊደል መጠን እንዲጽፍ ይገደድ። ካልተፈተሸ «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ጭራሽ አይጻፍ። ባልደረቦቼም እንዲህ ያለ ገጽ ሲቀርብላቸው ታካሚውን ሳያሳፍሩ ጎን ያኑሩትና የቤተሰቡን የጤና ታሪክ ይጠይቁ፤ የእናትና የወንድም በስኳር መታመም፣ ከየትኛውም ሕዝብ ቢሆኑ፣ ትርጉም ያለው መረጃ ነው። የጋዜጣችሁ የጤና ዓምድም ስለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ ሲጽፍ ያቺን በግራጫ ቀለም የተጻፈች ዓረፍተ ነገር አጉልቶ እንዲያወጣት እለምናለሁ።

መምህርቷ አሁን መድኃኒት ጀምረው ስኳራቸው እየወረደ ነው፤ የእግራቸው መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። ባለፈው ወር ሲመጡ ሦስት ታናናሾቻቸውን ይዘው መጡ። ሦስቱንም በዚያው ቀን ለካኋቸው፤ አንደኛው፣ ምንም አሞኝ አያውቅም ያሉኝ የ51 ዓመት ሰው፣ ግፊታቸው 178 በ104 ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም
ከአዲስ አበባ